ገና ያልወሰነችው ሴት

በፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ አራት ነበርን። በሩ አጠገብ ሐጂ፣ የጀርሚስተኑ ጅምላ ነጋዴ። ከእሳቸው ቀጥሎ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው ቀልደኛ። ግድግዳውን ተደግፎ እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለደ፣ አማርኛው የሚሰባበር ተማሪ። ጥጉ ላይ እኔ፣ የአይቮሪ ፓርኩ ባለሱቅ። ስም አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሲሚንቶው በረኪና ይሸታል። የኮሮና ጭምብላችን በላብ ፊታችን ላይ ተጣብቋል። የተያዝነው አገር ቤት የታሰሩ ይፈቱ የሚል ጨርቅ ይዘን መንገድ ዳር ስለቆምን ነው።

«ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል» አለን ፖሊሱ። «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የፈረመ ዛሬ ይወጣል። ያልፈረመ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ይቆያል።»

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ከፈተ። የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ነበር። እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ስለተማርኩ ለሐጂ እተረጉምላቸው ጀመርኩ። ጋዜጠኛው የመራጮች ሰልፍ ላይ የቆመችን ሴት ማንን እንደምትመርጥ ጠየቃት።

«ምን አለች?» አሉ ሐጂ።

«ገና አልወሰንኩም አለች።»

«ሰልፍ ይዛ?» አለ ቴምቢሳው። «እኔ ሱቅ ብትሆን፣ ‹ቀጣይ!› ብዬ አልፋት ነበር።»

ሳቁ። እኔ ቀናሁ። በሀብቷ አይደለም። አላወቅኩም እያለች እንኳ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ይጠብቃታል። እኔን ምን ታስባለህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንፈርማለን። ሱቅ ተዘግቶ አይከርምም።» ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እኛ ዘንድ የትልቅ ሰው እጅ ከተዘረጋ ነገር አለቀ፤ የቀረው አሚን ማለት ነው። ሁለቱ ዘረጉ። የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ቀረ።

«አንተስ?»

«ሐጂ፣ እኔ ገና አልወሰንኩም።»

«ይኸው፣ አሜሪካዊ ሆነላችሁ!» አለ ቴምቢሳው።

ሐጂ አልሳቁም። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «እሺ፣ ምን ታስባለህ?»

«ጨርቅ መያዝ ጥፋት ነው ብዬ አልፈርምም።»

«ብሮ፣ ፈርምና እንሂድ» አለ ተማሪው።

ሐጂ ጃኬታቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው አጠገቤ አኖሩት። እንደገና ዘረጉ። «ለሚወጣውም ለሚቀረውም» አሉ። ያኔ አሚን አልኩ።

ሦስቱ ፈርመው ወጡ። እኔ ጃኬቱን ለብሼ ቆየሁ። ክሱ ኋላ ተነሳልኝ።

ዛሬም አሜሪካውያን በሬዲዮ ሐሳባቸውን ሲጠየቁ እቀናለሁ፤ ቅናቱ አልለቀቀኝም። ግን እኔም አንዴ ተጠይቄያለሁ።

አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የዘለልኩት ካለ ሙሉልኝ። ፖሊሱ እናንተን ሲያስወጣ ሬዲዮውን ይዞ ነበር። ተማሪው፣ አንተ ሰምተህ ይሆናል፤ ሴትዮዋ በመጨረሻ ወሰነች?