ለዓሳ የፈሰሰ ጠበል

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ አታውቅም። በየፍልሰታው ፊታቸው የምንበረከክላቸው የነፍስ አባታችንም ከእኔ አልሰሙትም። ዋሽቻለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ ብያቸዋለሁ፤ ይህን ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። ረስቼው አይደለም። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። "ሂጂና ለሴትየዋ ንገሪያት" ይሉኛል። እኔ የምፈራው ደግሞ እሱኑ ነው።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከጉርድ ሾላ ትንሽ ወደ ላይ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት እትዬ ዘነቡና ልጃቸው ሰላም ተከራይተውት ነበር። እትዬ ዘነቡ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለሰፈሩ ይሸጣሉ። ሰላም ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የሚጥል በሽታ አለባት።

አባቴ በቀላሉ "ጎበዝ" የሚል ሰው አይደለም። አንድ ሰሚስተር አንደኛ ስወጣ ግን ምን ላድርግልሽ አለኝ። ዓሳ አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ከጣሪያ የወረደውን፣ አናቱ የተሰነጠቀውን አሮጌ የውሃ ታንከር በብረት መጋዝ ለሁለት ቆረጠልኝ። የታችኛውን ግማሽ ጓሮ ወስደን እስከ ወገቡ ቀበርነው። ዙሪያውን በድንጋይ ከበብነው፤ ውስጡ አጥቤ ያደረቅሁትን ጠጠር አነጠፍኩ። ዘጠኝ ቀያይ ዓሳዎች ውሃ በተሞላ ፌስታል መጡልኝ። የሸጠልን ሰውዬ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ የቧንቧ ውሃ እንደ ወረደ እንዳልጨምርባቸው። ክሎሪኑ እንዲወጣ ሁለት ቀን ክዳን በሌለው ዕቃ ይቆይ አለ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም በቀይ አሰመርኩበት።

ሰላም ትስቅብኝ ነበር። "ፕሮፌሰር፣ ይሄ የዓሳ ቤት ነው ወይስ የትንኝ?" ትለኛለች። ከእኔ በላይ ግን እዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዳቦ የምትፈረፍረው እሷ ነበረች። ለዘጠኙም በሰፈሩ ሰው ስም አውጥታላቸዋለች። ወፍራሙ አባቴ ነው። "አባትሽ ዛሬም አኩርፏል" ትለኝና ሁለታችንም አፋችንን ይዘን እንስቃለን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል። ታንከሩ ከጎኑ ተሰንጥቆ ኖሮ ሲፈስ አድሯል። ዓሳዎቹ አንድ ጥግ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው በላይ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንጥቁን እንደ ምንም ደፈንኩት። ግን ምን ልጨምርበት? የቆየ ውሃ አልነበረንም። ፈረቃችን ስለነበር ቧንቧው ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ነጭ ሆኖ፣ ክሎሪኑ አፍንጫ እየሰነፈጠ ነው። በማግስቱ ደግሞ አባቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ምሳ ጠርቷል። "ልጄ የሠራችውን ታያላችሁ" ሲላቸው በስልክ ሰምቼዋለሁ። አባቴ እንደዚያ ሲል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ተቀምጠው ነበር። እትዬ ዘነቡ በዋዜማው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ያመጡት ጠበል ነው። ሰላም ከሰኞ ጀምሮ ሰባት ቀን በባዶ ሆዷ ልትጠጣው ነበር። እትዬ ዘነቡ ከሌላው ጀሪካን እንዳይምታታ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክርቢቶ መስቀል ሥለውበታል። ያን ጠዋት እናትና ልጅ ገበያ ወጥተው ነበር።

አላወቅሁም ልላችሁ አልችልም። መስቀሉን አይቻለሁ። ከምንጭ የተቀዳ፣ ክሎሪን ያልነካው ውሃ መሆኑንም አስቤያለሁ። እንዲያውም ክዳኑን የከፈትኩት አማትቤ ነው። አማትቤ ሰረቅሁ። ሁለቱንም ጀሪካን ዓሳዎቹ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ከቧንቧው ሞላኋቸው፤ ክዳናቸውን አጠበቅሁ፤ መስቀሉ ወደ ፊት እንዲታይ አድርጌ በነበሩበት አስቀመጥኳቸው። መስቀሉን ለምን አስተካከልኩ? ዓሳ ለማዳን ይህ አያስፈልግም ነበር። መስቀሉን ያስተካከልኩት እንዳይታወቅብኝ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ያ ነው፤ እንዲያ ተረጋግቼ ማስተካከሌ።

እሑድ እንግዶቹ መጡ፣ ዓሳዎቹን አዩ፣ አደነቁ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት እጅ ነበር፤ ከበደኝ።

ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስዘጋጅ በመስኮት ድምፃቸው ተሰማኝ።

"እማዬ፣ ጠበሉ በረኪና በረኪና ይላል።"

"አፍሽን ያዢ አንቺ! ጠበል ይሸታል ይባላል? አማትቢና ጠጪ።"

"እሺ። እንግዲህ ሆዴ ውስጥ ነጭ ልብስ ይታጠባል።"

እትዬ ዘነቡ ሳቃቸውን አፍነው "ይቅር ይበልሽ" አሉ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከመስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "እትዬ፣ ሰላም እንዳትጠጣው፣ የቀየርኩት እኔ ነኝ" ማለት። ትቻቸው ሄድኩ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም እንዲሁ ሰማሁና ሄድኩ።

ዓርብ ሰላምን ጣላት። ምድጃው አጠገብ ነበረች፤ የፈላ ውሃ ክንዷ ላይ ተደፋ። የድስቱን ድምፅ ሰምቼ ስሮጥ መሬት ላይ ነበረች። እናቴና እኔ ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባናት። ዳነች፤ ጠባሳው ግን ከክርኗ እስከ እጇ አንጓ ቀረ።

ክኒኗን አላቋረጠችም ነበር። ሐኪሙም ክኒን እየተወሰደም ሊጥል ይችላል ብሏል። ስለዚህ የጣላት ውሃው አይደለም ልላችሁ እችላለሁ። ለራሴም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። የምናዘዘው ግን ስለዚያ አይደለም። በማግስቱ እትዬ ዘነቡ እኛ ሳሎን ተቀምጠው ለእናቴ ያሉትን ስለሰማሁ ነው።

"በእኔ ነው" አሉ። "ልጅ ሳለሁ የሠራሁት ነገር አለ። ተናዝዤዋለሁ፤ ግን አልተማረልኝም ማለት ነው። በሱባኤዋ መካከል እንዲህ የሚሆነው እኮ ኪዳነ ምሕረት ፊቷን ብታዞርብኝ ነው።"

እናቴ "ኧረ ተይ ዘነቡ፣ እንዲህ አይባልም" አለቻቸው። እኔ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰብኩ ነበር። አንዱ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። እትዬ ዘነቡ "እግርሽን ቆረጠሽ፣ የኔ ልጅ?" ብለው ተነሡልኝ፤ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ከእግሬ ሥር ለቀሙ። እኔ ፈዝዤ ቆሜ አየኋቸው።

ዓሳዎቹን ከወር በኋላ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ሰጠኋቸው። ለአባቴ ጥናት በዛብኝ አልኩት። እነ እትዬ ዘነቡም በዓመቱ ወደ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ቤት አግኝተው ለቀቁ። ሲሄዱ እፎይ አልኩ። እሱንም ተናዘዢ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ እፎይ ብያለሁ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በወሩ አሥራ ስድስት ብቻዬን ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሰው እየተጋፋ ወደ ቅጥሩ ይገባል። ከበሩ ውጪ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ ሴት አየሁ። እትዬ ዘነቡ ናቸው። መሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ።

"ውይ! ዩኒቨርሲቲ ገባች አሉኝ እኮ! እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ!" እያሉ አገላብጠው ሳሙኝ። ሰላም ልብስ መሸጫ ውስጥ ተቀጥራለች፤ አልፎ አልፎ ይጥላታል፤ ቀልዷን ግን አልተወችም አሉኝ።

"እርስዎ አይገቡም እንዴ?" አልኳቸው። መልሱን እያወቅሁ ጠየቅሁ።

"እኔ ከዚህ ይበቃኛል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ገብቼ አላውቅም፤ በምን ፊቴ? አንቺ ግን ግቢ፣ ንጹሕ ልጅ ነሽ። ስሜን ጥሪልኝ።"

ይኸው፣ አሁን፣ እኔ ነኝ ልበላቸው አልኩ። ከኋላዬ ሰው ገፋኝ፤ ወይም እንደ ገፋኝ አድርጌ ቆጠርኩት።

"እሺ" አልኩና ገባሁ።

ውስጥ ሆኜ ስማቸውን ልጠራ ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ይቅር ይበሉኝ ማለት ያለብኝ እሳቸውን ነው፤ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ያን ቀን ልጅ አልነበርኩም። ፈራሁ እንዳልል፣ እሳቸው ከእኔ ይልቅ ሲፈሩ ስንት ዓመት ኖረዋል፤ ያውም በማያውቁት ነገር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ከቅጥሩ ጥግ ሆኜ አየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው ከሚወጣው ሰው መካከል እኔን ይፈልጋሉ። እኔ በሌላኛው በር ወጣሁ።