ላፕቶፔን ጎባ ትቼው ልመጣ ነበር

«ወላሂ እህቴ፣ ስክሪኑ ሞቷል። እዚሁ ተዪውና ሂጂ» አለኝ ዛሬ ጎባ ያገኘሁት የኮምፒውተር ጠጋኝ።

ሊኑክሱን (ላፕቶፔ የሚሠራበትን ሲስተም) አፕዴት ካደረግኩት ወዲህ ላፕቶፔ ሲነሳ የኩባንያውን አርማ አሳይቶ ጥቁር ብቻ ይሆናል። የተማሪዎቼ ውጤት ደግሞ በሙሉ ውስጡ ነው።

«ሲበራ እኮ አርማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሞተ ስክሪን እንዲህ ያሳያል እንዴ?» አልኩት።

እሱ ግን ቻርጀሬን መጠቅለል ጀመረ። (ስክሪን ለመቀየር ቻርጀር ምን ያደርግለታል?)

ላፕቶፔንም ቻርጀሬንም ተቀብዬው በሚኒባስ ሮቤ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ፣ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ላይ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት አሮጌ ቅጂ) መረጥኩ። በራ! ችግሩ ከአፕዴቱ ጋር የመጣው፣ ስክሪኑን የሚያሠራው ሶፍትዌር (የግራፊክስ ድራይቨሩ) ነበር። ውጤቱን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ።

ሰውየው አላወቀም ወይስ ላፕቶፔን ፈልጎት ነው? እስካሁን አልቆረጠልኝም።

እናንተስ፣ ጥገና ቤት ጥላችሁት ልትሄዱ ስትሉ ልባችሁ እንቢ ያላችሁ ዕቃ አለ? ምን ሆኖ ተገኘ?