እህቴ የሞላችው መጠይቅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልነገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለእርስዎ ለአንባቢዬ ግን ልናገር፤ ፊትዎን ስለማላየው ይቀለኛል።

የዛሬ ስድስት ዓመት የሳይኮሎጂ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነበር። ርእሴ ሰው በትዳሩ ለምን እንደሚቆይ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ሦስት ነገር ይመዝናል፤ በትዳሩ ያገኘውን እርካታ፣ ያፈሰሰበትን ዕድሜና ልፋት፣ ትቶ ቢሄድ የሚጠጋበት መኖር አለመኖሩን። በመጨረሻ ቁርጠኝነት የሚባል ውጤት ይወጣል። ቁርጠኝነቱ ከፍ ያለ ሰው ትዳሩን አይለቅም። ደስ ብሎት ይሁን መግቢያ አጥቶ ግን ውጤቱ ብቻውን አይናገርም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ያዙልኝ።

ስም የማይጻፍበት መጠይቅ አባዝቼ ልደታ ማርያም አካባቢ ለሚነግዱ ሴቶች አደልኩ። ታላቅ እህቴ ትርሲት ይህን ሰምታ «ለእኔም ስጪኝ» አለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሀሁ ያስቆጠረችኝ፣ እጄን ይዛ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ታዲያ ጽሑፏ እንዴት ይጠፋኛል? ወረቀቶቹን ስሰበስብ ገና ከመጀመሪያው መስመር ለየሁት።

እርካታ በሚለው ሥር ለሁሉም ጥያቄ ዝቅተኛውን መርጣለች። ባሏ ካናገራት ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ የሚፈልገውን በልጆቹ በኩል እንደሚያስነግራት ጽፋለች። እኔ እኮ እሑድ እሑድ እነሱ ቤት ምሳ እበላ ነበር! አላየሁም? ወይስ ማየት አልፈለግሁም? ከዚያ «ትዳርዎን ቢተዉ የሚያስጠጋዎ ሰው አለ?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» ብላለች።

ደነገጥኩ። ደግሜ አነበብኩት። እዚሁ ልደታ ያለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሁለት መኝታ ነው፤ አንደኛው ውስጥ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። ታዲያ ምን አደረግሁ? እኔ፣ በእሷ እጅ ያደግሁት? ከራስ በላይ ነፋስ ይባል የለ! በስንት ዘመኔ ያገኘሁት ጸጥታ ታየኝ፤ ሁለት ልጆቿ ሲሯሯጡበት ታየኝ። ወረቀቱን ከሌሎቹ መሃል ከተትኩት።

በሳምንቱ ከቅዳሴ ስንመለስ «የኔስ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ቁርጠኝነትሽ ከሁሉም ይበልጣል። የጸና ትዳር ነው» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግዲህ ትምህርቱ ካለ...» አለች።

ውሸት አልተናገርኩም፤ ቁጥሩ እንደዚያ ነበር። ግን መሄጃ ማጣቷን ጽናት ብዬ ሰጠኋት። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋፋኝም። ጽሑፌም ተወደሰ፤ አጨበጨቡልኝ፤ እሷም መጥታ አጨበጨበች። ከዚያ በዚያ ዝምታ ውስጥ ስድስት ዓመት ተጨማሪ ኖረች።

ዘንድሮ መፋታቷን የሰማሁት ከጎረቤቷ ነው። ከቤቴ አቅራቢያ ወዳለው ፍርድ ቤት ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን እንኳን በሬን አላንኳኳችም። አብነት ሰፈር ከልጆቿ ጋር የተከራየችው አንድ ክፍል ድረስ ሄድኩ። ሄጄም ተቆጣሁ። አዎ፣ ተቆጪዋ እኔ! «እኔ እያለሁልሽ እንዴት ባዕድ ቤት ትገቢያለሽ? ምነው ብትነግሪኝ?»

ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች። «ጽሑፌን እንደምትለዪው አውቃለሁ። ያንን ወረቀት የሞላሁት አንቺ እንድታነቢው ነው። የለም ስል፣ አለሁ ትይኛለሽ ብዬ ነበር።»

ያጣጠፈችው ልብስ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ምስጢሬን እኔ ብቻ የማውቀው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያን ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ የጠየቀችኝ ውጤቷን አልነበረም።

ይቅር በሉኝ አልልም። ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም ነበር ብል ደግሞ ሌላ ኃጢአት ይሆንብኛል። ገብቶኝ ነበር። አንብቤ፣ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኳት።