ላት የተቀባው እጄ

በገብስ አጨዳ ማጭድ ሁለት ጣቶቼን ሰነጠቀኝ። ቁስሉ ሸጋ ሆኖ ዳነ፤ የአምባ ጊዮርጊስ የጠዋት ብርድ ሲነካቸው ግን ጣቶቼ ነጭ ሆነው ይደነዝዛሉ፤ ቀጥሎም እንደ መርፌ ይወጉኛል። ትምህርት ቤት ብዕር መያዝ አቃተኝ።

እናቴ የከረመ የበግ ላት እየቀባች በአሮጌ የሱፍ ባና ቁራጭ ትጠቀልልልኝ ጀመር። ጣቶቼ መንጣታቸውን ተዉ፤ ላቱ ግን ቢጫ ሆኖ፣ ፀጉር ተጣብቆበት፣ እንደ ሞተ አይጥ ይከረፋል። ዝንብ ይከተለኛል፤ ደብተሬም ቅባቱን ጠጣው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ «ምነው፣ በጉንም ይዘሽው አትመጭም ነበር?» አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ፣ «ላት የነካ እጅ ከጾም መሶብ አይገባም» አለ። እናቴም እጄን በአመድ አሽታ አጠበችና በደረቁ ባና ብቻ ጠቀለለችው። ብርዱ እንደወትሮው ነበር፤ ጣቶቼ ግን እንደ ቀድሞው አልነጡም። ብዕሬንም ያዝኩ። ለካ የሚያሞቀኝ ባናው ኖሯል፤ ያን ሁሉ ክርፋት የተሸከምኩት በከንቱ ነው።

«ጾሙ ሲፈታ መልሼ እቀባሻለሁ» አለችኝ እናቴ።

ሳታየኝ ላቱን አውጥቼ ለውሻችን ጣልኩለት። አሸተተውና ትቶት ሄደ።