ገጽ አንድ በቀኝ

ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው የሚለው ወሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የደረሰኝ ሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። እናታችን ከሞተች በኋላ እሷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ሠርጓ ላይ ግን መገኘት አልችልም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ጊዜው አልፎበታል። በድንበሩ በገላባት በኩል ወደ መተማ መሻገሩ ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው የማይቻለው። ሥራዬ ደግሞ እዚህ ነው።

ቤቱን ለቅቄ የወጣሁ ቀን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በር ላይ ቆማ እየጮኸች ስታለቅስ አንድም ጊዜ ዞሬ አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ዓመት ሆነ።

በእኛ ቤት ወግ የሙሽራን የመልስ ቀሚስ ባዕድ አይጠልፈውም። «እንግዲያው ቀሚሱን ላኩልኝ፣ እኔ ባልመጣ እጄ ይምጣ» አልኩ። ጎንደር በልኳ ተሰፍቶ፣ ደረቱ ባዶውን ሆኖ፣ በሁለቱ አገር መካከል በምትነግድ አንዲት ሴት እጅ መጣልኝ። ያቺው ነጋዴ ከሠርጉ በፊት ባለው ረቡዕ ጠዋት ትመለሳለች። ከእሷ ሌላ የማምነው መንገደኛ የለኝም። ረቡዕ ካላለቀ አበቃ።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ እንደኔው የጎንደር ሰው ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ሱቅ አለው፤ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ግን የሱቁን አቧራ ፈርቶ ቤት አስቀምጧቸዋል። ማንኛውንም ሥዕል ወደ ጥልፍ ንድፍ የሚቀይር ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አለ ብላ የነገረችኝ እሷ ናት። ሥዕሉን በትንንሽ ሳጥን ይከፋፍለዋል፤ አንድ ሳጥን አንድ ስፌት ነው። እየቆጠሩ መጥለፍ ብቻ።

ፕሮግራሙን ለማውረድ ሦስት ቀን ፈጀን። ዘጠና ከመቶ ይደርስና መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እሳደባለሁ፣ እትዬ «ሶብር፣ ሶብር፣ ታገሺ» ትለኛለች። በአራተኛው ቀን ወረደ። የመረጥኩት ሥዕል ምንቃር ለምንቃር የተያዩ ሁለት ጣዎሶች ነበሩ። ጭራቸው ቁልቁል የወረደ፣ ከአንገት በታች አንድ ዓይነት፣ ራሳቸው ብቻ አንዱ ወደ አንዱ የዞረ። ለሙሽራ ከዚህ የሚሻል የለም አልኩ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ዐረብኛ ነው። እኔ የገበያ ዐረብኛ ምላሴ ላይ አለ፤ ከቁጥር በቀር ግን ማንበብ አልችልም። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ቆይ እስቲ፣ እዚህ ታች የተጻፈውን ላንብብልሽ።»

«ይቅርብኝ እትዬ፣ የማትመው ጥልፍ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም» አልኩና ማተሚያውን ተጫንኩ።

እንዲህ ነኝ። ሰው ሊያግዘኝ ሲል አታውቂም የተባልኩ ይመስለኛል።

ሁለት ገጽ ወጣ፤ በየገጹ አንድ ጣዎስ። ባለቀለሙ ቀለም ደርቆ ስለነበር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ክብ ምልክት ቀይ ክር፣ ሦስት ማዕዘን አረንጓዴ፣ ኮከብ ወርቅማ ማለት ነው። ወረቀቱን ብታዪው የጉንዳን ሰልፍ እንጂ ጣዎስ አይታይሽም። ጥጉ ላይ በዐረብ ቁጥር አንድና ሁለት ተጽፏል። አንድን በግራ፣ ሁለትን በቀኝ አድርጌ፣ ቀሚሱ ላይ በየጎናቸው በመርፌ ቁልፍ ያዝኳቸው። ማን ሌላ ዓይነት ያደርጋል?

ሦስት ሳምንት ቀን ቀን ጠለፍኩ። ራሶቹን ለመጨረሻ ተውኳቸው፤ የወርቅማው ክር ከኻርቱም መምጣት ነበረበት። አንድ ጥቅልል ብቻ ተገኝቶ ቅዳሜ ደረሰልኝ። ጨርቁን በመጥለፊያው ክብ እንጨት ወጥሬ፣ ለእጄ እንደተመቸኝ እያዟዟርኩ፣ አንዱን ራስ እሑድ፣ ሌላውን ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጨረስኩ። ከዚያ እንጨቱን አውልቄ ቀሚሱን አልጋ ላይ ዘረጋሁት።

ጣዎሶቹ ጀርባ ተሰጣጥተዋል። አንዱ ወደ ግራ ብብት፣ አንዱ ወደ ቀኝ ብብት ያያል።

የሙሽራው ወገን አሮጊቶች መልስ ላይ ቀሚስ ሲመረምሩ አውቃለሁ፤ የሚፈልጉት ምልክት ነው። ጀርባ የተሰጣጡ ወፎች ደረቷ ላይ አድርጋ የገባች ሙሽራ በትዳሯ ምን ሊባልላት ነው? ላኪዋስ ማን ናት ሊባል ነው? እናት የሌላትን ልጅ እህቷ ጉድ ሠራቻት ነው የሚባለው።

ቀሚሱንና ወረቀቶቹን ታቅፌ እትዬ ቤት ሮጥኩ። ገና በሩን ሳልፍ «ኮምፒውተራችሁ ጉድ ሠራኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

ወረቀቶቹን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ቦታቸውን አቀያየረች።

«አንድ በቀኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዐረብኛ እኮ ነው፤ ከቀኝ ነው የሚጀምረው። ያን ቀን ላነብልሽ ያልኩት ይኸንኑ ነበር።»

መሬት ውስጥ መግባት ተመኘሁ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ያልኩት ግን «ታዲያ ለምን አልጮህሽብኝም?» የሚል ነበር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ» አለችና መነጽሯን አጠለቀች። «ነይ በይ፣ ብርሃን ሳለ እንፍታው።»

ደጃፉ ላይ፣ ጥላው ስር ተቀመጥን። እሷ በትንሽ መቀስ ስትቆርጥ እኔ በመርፌ ጫፍ እመዛለሁ። ጨርቁ የእጅ ሽመና ነው፤ ትንሽ ካጠበቅሽው ይበሳል። የቀኙን ራስ ፈትተን ስንጨርስ መሽቶ ማየት አቃተን። የተመዘዘው ወርቅማ ክር ደግሞ ተበጣጥሶ ተተርትሮ ነበር፤ እንደገና መርፌ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ጥቅልሉን ሳየው የቀረው ለአንድ ራስ የሚሆን ብቻ ነው። የገዳሪፍን ገበያ ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ በሱቅ ዞርኩት። «ማፊ» አሉኝ ሁሉም፣ የለም።

«የግራውን ተይው» አለች እትዬ። «ሁለቱን ከፈታሽ አንዱ ራስ አልባ ይሆናል።»

የቀኙን በገጽ አንድ እንደገና ጠለፍኩት። ማክሰኞ ፀሐይ ስትጠልቅ አለቀ። አሁን የቀኙ ወደ ግራው ዞሯል፤ የግራው ግን አሁንም ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። አንዷ ጀርባ ሰጥታለች፣ አንዷ ከኋላ ታያታለች። መርፌ የወጋው ቦታ እንዲገጥም እትዬ ውሃ እያስነካች በጥፍሯ አሸችው። ይቅርታ ያልኳት ያኔ ነው። «መዓሌሽ፣ ግድ የለም» ብላ ማሸቷን ቀጠለች።

ረቡዕ ጠዋት ለነጋዴዋ ስሰጣት ቀሚሱን አጥፌ፣ ደረቱን ወደ ውስጥ አድርጌ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሮጣለሁ።

እህቴ የደወለችው በመልሱ ማግስት ነው። ከኋላዋ ሳቅና የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

«ቀሚሱ ልክ ነው፣ ያምራል» አለች።

«ወፎቹስ? ምን አሉሽ?»

«አማቴ ጠየቀችኝ። ‹ይቺ ለምን ጀርባዋን ሰጠች?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«‹እሷ እህቴ ናት፣ ሱዳን የሄደችው። ከኋላ የምታያት እኔ ነኝ› አልኳት። አሮጊቶቹ አለቀሱ። ጥሩ አድርጋ ጠለፈችው አሉ።»

ተሳስቼ ነው፣ ክር አልቆብኝ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።

«እንደዚያ አስበሽ አይደል የጠለፍሽው?» አለች። «ዞር ብለሽ እኮ አላየሽኝም። ከዓይኔ እስክትጠፊ ድረስ ጠብቄ ነበር።»

ስለ ወረቀቱም ስለ ክሩም ሳልነግራት ቀረሁ። ያን ቀን ብዞር ኖሮ እንደማልሄድ ግን ነገርኳት፤ በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።