የካንዴ ግቢ አፈር

ካንዴ ከሦስት ወንዶች በኋላ የተወለደች ሴት ናት፤ ክንዷም እንደ ወንድሞቿ ብርቱ ነበር። በዛምፋራ ግዛት፣ በእነ ካንዴ መንደር፣ ያገባች ሴት እንዳሻት ከአጥር አትወጣም። ስለዚህ ባሏ ሳንዳ የወርቅ ድንጋይ በጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ ደስ አላት፤ ሥራው ራሱ ቤቷ ድረስ መጣላት። ማሽላ በምትወቅጥበት ሙቀጫ ድንጋዩን ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ታጥባለች። የአምስት ዓመት ወንድ ልጇና መዳህ የጀመረችው ታናሽ እህቱ ደላ እዚያው እግሯ ሥር አፈሩ ላይ ይጫወታሉ።

መጀመሪያ በግቢው የሚያረቧቸው ዳክዬዎች አለቁ።

«የሰው ዓይን ነው» አሉ አማቷ ኢና።

ቀጥሎ ደላ ታስመልስ ጀመር። የወባ ክኒን ሰጧት፣ አልተሻላትም። የሰፈሩ ሼህ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የቁርአን ቃል ጽፈው፣ በውሃ አጥበው አጠጧት። በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ እንደ እንጨት ደረቀና ዐረፈች። በዚያ ሳምንት ከሰፈሩ አራት ሕፃናት ተቀበሩ። ካንዴ የሚያለቅሰውን ጎረቤት ሁሉ እያየች፣ «ማንን አስቀይመን ይሆን?» ትል ነበር።

ወር ሳይሞላ ወንዱ ልጅ ጠዋት ገንፎ እየበላ ወድቆ ተንፈራገጠ። ኢና ከፊት፣ ካንዴ ልጁን አዝላ ከኋላ፣ ሕፃናቱ ከሞቱ ወዲህ መንደሩ ዳር ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን ሮጡ።

«ስሙ ማነው?» አለች አሳቤ የምትባለው ነርስ።

ካንዴ አንገቷን ደፋች። በአገሩ ወግ እናት የበኩር ልጇን ስም አትጠራም።

«እኔም የበኩሬን አልጠራም፣ እህቴ። መዝገቡ ግን ነውር አያውቅም» አለች ነርሷ።

«ዘካሪ ነው!» አሉ ኢና። «አሁን ልጁን አድኚልን!»

ደሙን ቀዱት። አሳቤ ውጤቱን ይዛ መጥታ ካንዴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ድንጋዩ ውስጥ ከወርቁ ጋር እርሳስ አለ፤ መርዝ ነው። ስትወቅጪው ይቦናል። ልጆች ደግሞ እጃቸውን ይልሳሉ።»

«እርሳስማ ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ የሚያስሩት ነው። ያ ከባድ ነገር እንዴት ይቦናል?» አለች ካንዴ።

«ይቦናል።»

«ከእነሱ ይልቅ የዋጥኩት እኔ አይደለሁም? ታዲያ እኔ ለምን ሳልወድቅ ቆምኩ?»

«አንቺም ገብቶብሻል። የሕፃን ጭንቅላት ግን ለጋ ነው፤ አይችለውም።»

«ስድስት ልጅ አፈር ላይ አሳድጌያለሁ! ደግሞ አፈር ገደለ ልትሉኝ ነው?» አሉ ኢና።

«ያኔ ግቢዎ ውስጥ ይህ ድንጋይ አልተወቀጠም፣ እማማ።»

ካንዴ የሚነገረው ሁሉ ይሰማታል፤ አልገባ አላት እንጂ። ጂኒ ቢሆን የሚደረገውን ታውቃለች። ይሄ ግን የገዛ ክንዷ ነው።

«እኔ ነኝ ደላን የገደልኳት?» አለች።

«አላወቅሽም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

አሳቤ የዘካሪን መድኃኒት ልታመጣ ተነሳች።

ዘካሪ መድኃኒቱን ለወራት ወስዶ ዳነ፤ ዳነ ከተባለ። ይሮጣል፣ ይስቃል። ቁርአን ቤት ግን ዛሬ የያዘውን ነገ አያገኘውም። ካንዴ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ ብላ ታስባለች፤ የድሮው መልኩ ይጠፋባታል።

ሠራተኞች መጥተው የግቢውን አፈር ዝቀው ወሰዱና ሌላ አፈር ደለደሉ። ሳንዳም ድንጋዩን ከመንደሩ ርቆ ማስወቀጥ ጀመረ።

ቆይቶ ካንዴ ሴት ልጅ ወለደች። ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላት ከጀርባዋ አላወረደቻትም።

«አንቺ፣ ልጅ መሬት ካልነካ መራመድ ከየት ይማራል? አፈሩ ተቀየረ አላሉሽም?» ይላሉ ኢና።

«ብለውኛል።»

ከዚያ በኋላም ምንጣፍ ላይ ታስቀምጣታለች፤ ወዲያው መልሳ ታነሳታለች። አንድ ቀን ካንዴ ማሽላ ስታበጥር ልጅቷ ከምንጣፉ ተነስታ፣ አዲሱ አፈር ላይ ሦስት እርምጃ ተራመደች። ካንዴ እልል ትበል ወይስ ሮጣ ታንሳት ግራ ገባት። እልል እያለች ሮጠች።