መሪጌታ መሣሪያ የሆኑበት ክረምት

የመካነ ሰላሟ ንግሥቴ ወልደ ገብርኤል ኮምፒዩተር የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በመስታወት ነው። አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ ማጥናት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። መሣሪያው አንድ ክፍል ሙሉ ይዞ ከመስታወቱ ወዲያ ያጉረመርማል፤ ተማሪው ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ ያያል። ገብተው የሚሠሩበት ስምንት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ።

የ1966 ዓ.ም. ስምንት ተማሪዎችን የሚመርጡት መምህራቸው አቶ አካሉ ናቸው። በ1965 ሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል እንዲህ አሉ፦

«እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን አንድ ስሌት ምረጡ። ለመሣሪያው ትእዛዙን ደረጃ በደረጃ ጽፋችሁ ጥቅምት ላይ አምጡልኝ። እኔ ዐሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ። ዐሥሩንም በትክክል ከሠራ ገባችሁ። አንዱን ከሳተ ግን፣ በመስታወት ማየት አይከለከልም።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ንግሥቴ አልሳቀችም።

«ደግሞ ልብ በሉ» አሉ አቶ አካሉ፤ «ይኼ መሣሪያ ያልነገራችሁትን አንድም ነገር አያውቅም።»

እስከ ወረኢሉ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሯ ተጉዛ አገሯ ገባች። መንገዱን ሙሉ ከቆላው የተሰደዱ ሰዎች አብረዋት ይሄዱ ነበር። ያ ዓመት የወሎ ረኃብ የበረታበት ነው። መካነ ሰላም ዳገት ላይ ስለሆነ ገብሱ ትንሽ ይዞ ነበርና፣ እናቷ ወይዘሮ በለጥሻቸው ጠዋት ጠዋት ባቄላ ቀቅለው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተጠለሉት ይወስዳሉ። ንግሥቴም ሥራ አላጣችም፤ እስከ ቀትር ንፍሮ ታድላለች፣ ከቀትር በኋላ ወረቀቷን ታወጣለች።

የመረጠችው ስሌት ባሕረ ሐሳብ ነበር፤ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ቁጥር። ማንም አላስተማራትም። አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ለዲያቆናት ሲያስተምሩ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ባቄላ እየፈለፈለች ነው የሰማችው። ሴት ልጅ ባሕረ ሐሳብ ትማር የሚል ሰው በአገሩ አልነበረም፤ አትስማ የሚልም ግን አልተገኘም።

አንድ ቀን ትእዛዞቹን በስድስት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ስታበቃ ልቧ ፈራ። የምትሞክርበት መሣሪያ የለም። ዐይኗ አባቷ ላይ አረፈ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ቢያደርጉልኝ?»

«ምን?»

«መሣሪያ ይሁኑልኝ።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን አጠፉ። ነገሩን ካስረዳቻቸው በኋላ፣ «እንግዲህ ወረቀቱ ያለኝን ብቻ ነው የምሠራው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ወረቀቱ ያለዎትን ብቻ። የሚያውቁትን ሁሉ ይርሱት።»

«አርባ ዓመት የተማርኩትን?»

«ለአንድ ከሰዓት ብቻ፣ አባባ።»

ወይዘሮ በለጥሻቸው ከምድጃው ዘንድ ሳቁ። «መሪጌታ፣ በስተርጅና መሣሪያ ሆኑ? ጠላ ልቅዳልዎ ወይስ መሣሪያ አይጠጣም?»

«ጠላ ጠጣ የሚል ወረቀት ካለ ይጠጣል» አሉ መሪጌታ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ንግሥቴ መጪውን ዓመት ሰጠቻቸው፤ 1966። አምስት ሺህ አምስት መቶ ጨምር አለ ወረቀቱ፤ ጨመሩ። ለዐሥራ ዘጠኝ አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፤ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ዐሥራ ስምንት ያዙ። አንድ ቀንስ፤ ዐሥራ ሰባት። በዐሥራ አንድ አባዛ፤ መቶ ሰማንያ ሰባት። ለሠላሳ አካፍለህ ቀሪውን፣ የጨረቃዋን ቁጥር አበቅቴን፣ ተናገር።

«ሰባት» አሉ፤ ከዚያም መሣሪያነታቸውን ረስተው፣ «የመጪው ዓመት አበቅቴ ሰባት ነው! ልክ ነው!»

ንግሥቴ በደስታ እጇን አጨበጨበች። «በቃ፣ አለቀ።»

«አላለቀም። ዐሥር ቁጥር ይሰጣል አላልሽም? የሚቀጥለውን ዓመት አምጪ።»

1967 ሰጠቻቸው። መሪጌታ ጨመሩ፣ አካፈሉ፣ ቆሙ።

«ይቀጥሉ እንጂ፣ አባባ።»

«ምንም አልቀረም። ዐሥራ ዘጠኝ ጥርግ አድርጎ አካፈለው። ወረቀትሽ አንድ ቀንስ ይላል። ከምን ላይ ነው የምቀንሰው?»

ንግሥቴ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ የለም። ከግድግዳው ማዶ በሰማችባቸው ዓመታት ሁሉ ቀሪ ያልነበረበት ዓመት አልገጠማትም።

«እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ መሣሪያ ነኝ።»

«አባባ!»

«ያልነገሩኝን አላውቅም።»

ዕንባዋ መጣ። «ይህን ሳላውቅ ብሄድ ኖሮ እኮ ተዋርጄ ነበር። ስምንቱ ውስጥ አልገባም ነበር።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ እናቷ፤ «መሪጌታ፣ ይበቃል፤ ልጅቷን አያስለቅሱብኝ።»

መሪጌታ ወረቀቶቹን ሰብስበው ወደ ጎን አደረጉ። ዲያቆናቱ የሚቀመጡበትን አጎዛ ከጥግ ስበው ከፊታቸው አነጠፉና፣ «ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች። በዚያ አጎዛ ላይ ሴት ልጅ ተቀምጣ አታውቅም።

«ይኼ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሲመጣ አንቺ ገና ትድሂ ነበር፤ ከየት ትሰሚው? ምንም ካልቀረ ዐሥራ ዘጠኙን ራሱን እንደ ቀሪ ያዢ። ከዚያ አንድ ቀንሺ። አሁን ሥሪው።»

ሠራችው፤ ዐሥራ ስምንት መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ መሪጌታ ከግድግዳው ወዲህ አስተማሯት፤ የጾሙንም፣ የፋሲካውንም፤ እሷም ትእዛዞቹን በወረቀቷ ላይ ጨመረች። አንዳንዴ ከደጁ ያሉትን ረኃብተኞች አስባ፣ «በዚህ ጊዜ ቁጥር መቁጠር ነውር አይሆንም?» ስትል፣ «ፋሲካ ለጠገበ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው? ንፍሮሽን አድለሽ ነይ፣ እንቀጥላለን» ይሏታል።

በጥቅምት ንግሥቴ ትእዛዞቿን መሣሪያው በሚያነበው ካርድ ላይ በቀዳዳ አስበስታ ለአቶ አካሉ ሰጠች። እሳቸውም መልሱን ለማመሳከር ከአንድ ካህን አስጽፈው የያዙት ወረቀት ነበራቸው። የሰጡት ዐሥር ዓመት ከ1960 እስከ 1969 ነው። መሣሪያው አጉረመረመና ረጅም ወረቀት ተፋ። አቶ አካሉ በእርሳስ እየነኩ ወረዱ። 1967 ላይ ሲደርሱ ንግሥቴ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለች። «ፋሲካ ሚያዝያ 26» አሉ፤ አለፉ። መጨረሻው ላይ ቀና ብለው፣ «ይህችን ቀሪ የሌለባትን ትእዛዝ ማን ነገረሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አባቴ ናቸው። መሣሪያ ሆነው አገኟት።»

አቶ አካሉ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ቢሆንም በሩን ከፈቱላት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ተራዋ ሆነ።

የካቲት ላይ አብዮቱ ፈነዳ፤ ትምህርቱ ሄድ መለስ ይል ጀመር። ለ1967 ዘመን መለወጫ አገሯ ነበረች። መሪጌታ በቅዳሴው መጨረሻ የዓመቱን ጾምና በዓል ለሕዝቡ ሲያውጁ፣ በእጃቸው የያዙት መሣሪያው የተፋውን፣ ዳሩ የተበሳሳ ረጅም ወረቀት ነበር። አስቀድመው አንድ በአንድ በጣታቸው አረጋግጠውት ነበር።

በማግሥቱ ሬዲዮው ንጉሡ ከዙፋናቸው መውረዳቸውን ተናገረ። ጥቂት ቆይቶም ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለዘመቻ እንደሚላክ ተሰማ። ንግሥቴ ወሬውን ይዛ ገባች።

«መሣሪያው ሊቆለፍበት ነው፣ አባባ።»

መሪጌታ ዐሰቡ። ከዚያ አጎዛውን ስበው አነጠፉላትና፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ያ እስኪከፈት ድረስ ሌላው መሣሪያ እዚህ አለ» አሉ። «አዲስ ትእዛዝ ካለሽ አንብቢ።»